በአያት ስም ሲጠሩ

እንቅልፍ ለቤቱ ሰው ሁሉ ታድሎ እሷ ጋ ሲደርስ አለቀ። ዓለሚቱ ዓይኗን ጨፍና በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ጨፍናም ታያለች። ሮመዳን ነው፤ በዚህ ቤት ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ሲጠጣ፣ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ ያድርና ሊነጋጋ ሲል መጋረጃው ሁሉ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ያለበት ቤት አይመስልም። አሁን ቀትር ነው። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ባለችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን የኩዌት ፀሐይ ነጭ ሆና ቆማለች። የእነሱም ጾም ነው፣ የእሷም ጾም ነው፤ ዘንድሮ ሁዳዴና ሮመዳን ተያይዘው መጡ። እመቤቲቱ ባለፈው «አንቺም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኞች፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ምግብ የምትሠሪው ለማን ነው?» ብላ ስቃለች። ዓለሚቱ አቡነ ዘበሰማያት ትላለች፤ ግማሹ ላይ ሐሳቧ ያመልጣታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እንደገና ያመልጣታል። ስልኳ ትራሷ ሥር ነው። ስልኩ ውስጥ የልጇ ድምፅ አለ፤ ጠዋት የተላከላት፤ ደጋግማ ከመስማቷ ብዛት አሁን ሳትከፍተውም የሚሰማት። «እማ፣ መምህር ሲሳይ ዛሬ ስማችንን ሊያስተላልፉ ነው። ከዐሥር ሰዓት አያልፍም ብለዋል። እሺ በይ ወይ እምቢ በይ፤ ብቻ ዝም አትበይ። ዝም ካልሽ ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል። አቤት በይ እንጂ፣ እማ!»

ልጂቱ ማስተዋል ናት። አምስት ዓመቷ ሳለ ነው ዓለሚቱ ለገዛ እናቷ ለእማሆይ ትርንጎ ጥላት የመጣችው፤ አሁን ዐሥራ አራት ሞላት። አባቷ ጌጡ ይሻው በሕይወት የለም። ደብረ ታቦር በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ እሷና ጓደኞቿ ከአሮጌ ብስክሌትና ከፕላስቲክ ቱቦ ውኃ ከጉድጓድ የሚስብ ነገር ሠርተው፣ ፎቶው ተልኮ፣ ቱርክ አገር ለሚደረግ የተማሪዎች ትርኢት ተጠሩ። «ተጠራን እኮ፣ እማ!» ነበር ያለችው ማስተዋል፤ ከዚህ ሁሉ ቃል መካከል እናቷ ጆሮ ውስጥ የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ተጠሩ። አውሮፕላኑንም ማረፊያውንም የጠሩት ሰዎች ይችላሉ፤ መምህሩ ከልጆቹ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ማስተዋል ተረብ ታውቃለች፤ «አንቺ እኮ ሁለት ዓመት ብለሽ ነው የሄድሽው፤ እኔ እንዳንቺ መቁጠር አያቅተኝም» ብላታለች፤ ስቀው ነበር፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ዓለሚቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው አነባች፤ ሽንኩርት በሌለበት ቀን።

ትላንት እናቷ ደወሉ። እማሆይ ትርንጎ ቆብ ከደፉ ወዲህ አንቱ ትላቸዋለች፤ መጀመሪያ አፏ እምቢ ብሏት ነበር፤ እናትን አንቱ ማለት ማራቅ መስሏት፤ በስልክ ግን ሁሉም ነገር ሩቅ ነውና ለመደችው።

«ልጂቱ ደርሳለች አሉኝ» አሉ እማሆይ።

«ለምኑ ነው የደረሰችው?» አለች ዓለሚቱ ደንግጣ። እሷ ባደገችበት አገር ልጂቱ ደርሳለች ከተባለ ሽማግሌ ሊመጣ ነው።

«ለመንገዱ ነው እንጂ፣ ለባል መሰለሽ እንዴ? ዘመኑ አለፈ እኮ! መምህሩ ናቸው ያሉኝ፤ በአሳብም በትምህርትም ደርሳለች ነው ያሉኝ። እኔ ምን አውቄ። አገር ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ያየሁት ወጥ ቤት ነው፣ እማሆይ።»

«ወጥ ቤቱስ ባሕር ማዶ አይደል?» ብለው ሳቁ፤ ሳላቸው ሳቁን አቋረጠው። «ብቻ ልጂቱ እንደዘንድሮ ልጅ አይደለችም። ጨዋ ናት። አንዴ ሲጠሯት አቤት ነው፤ ሁለተኛ አትጠራም። እሷን ይዤ የት አገር አፍራለሁ፤ ነው ያሉኝ መምህሩ።»

እንቅልፏን የወሰደው ይኸው ነው። አንዴ ሲጠሯት አቤት። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር፤ እሷም ራሷ ልጇን በስልክ ስታሳድግ ሌላ ምን አስተማረቻት፤ አያትሽ ሲጠሩሽ ቶሎ አቤት በይ፣ መምህር ሲጠራ ቁጭ ብለሽ አትመልሺ፣ ተነሺ። አሁን በጨለማው ውስጥ ልጂቱ ከአንድ ሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ ስትነሳ ታያታለች። ሻሽ አስራለች። ሰማያዊ ሻሽ። ተይ፣ ተቀመጪ ትላታለች፤ ድምፅ አይወጣላትም፤ ልጂቱ ዞር ስትል ፊቷ የማስተዋል አይደለም፤ የፈንታነሽ ነው።

ፈንታነሽ የአጎቷ የሙላቴ ልጅ ናት። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ ሰው መንታ ይላቸው ነበር። አያታቸው አባባ ዋልልኝ ሁለት ነገር ያስተምሯቸዋል፤ ሁለቱ አይስማሙም፤ ልጅ ሆነው ይህን አላስተዋሉም። አንደኛው፣ ሰው ሲጠራችሁ ዝም አትበሉ፣ ነውር ነው። ሁለተኛው፣ በቀትር፣ መንገድ ላይ፣ ስማችሁ ቢጠራ፣ ጠሪውን ዓይናችሁ ሳያይ አቤት እንዳትሉ፤ በቀትር የሚጠራ ሁሉ ሰው አይደለም። ዓለሚቱ ሁለተኛውን ትፈራለች። ከወንዙ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ በዚያች በቀጭኗ መንገድ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ከገብሱ ማሳ ወዲያ አንድ ድምፅ «ፈንታነሽ!» ይላል። ዓለሚቱ ክንዷን ትይዛታለች። ፈንታነሽ ታስለቅቃታለች፤ «አቤት!» ትላለች በረጅሙ፤ «ጋኔን ከሆነም ስሜን ካወቀ ዘመድ ነው!» ትላለች፤ ገብሱ ውስጥ ወንድሟ ነበር፤ ገመድ ጠፍቶበት።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ኩዌት ሲገቡ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ውስጥም ቀትር ነበር። ቀትር ነው። ገና ከአውሮፕላኑ ወርደው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ደላላው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሻሽ አድሏቸዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ፓስፖርታቸውን አንድ ሰውዬ ሰብስቦ ይዞታል። አንድ በአንድ ያነሳና ከመጨረሻው ያለውን ስም ይጠራል። እነሱ አገር የመጨረሻው ስም የሰውየው መጠሪያ ነው፤ እኛ አገር ግን የአያት ነው፤ ይህን ለማን፣ በምን ቋንቋ ይነግሩታል? «ዋሊሊን!» ይላል ሰውዬው። ማንም አይነሳም። «ዋሊሊን! ዋልሊኝ!»

ዓለሚቱ ብርሃኑ ዋልልኝ። ፈንታነሽ ሙላቴ ዋልልኝ። የወንድማማች ልጆች፣ አንድ አያት።

«ሰማሽ?» አለች ፈንታነሽ፤ በክርኗ ጎሰም አድርጋት። «አባባ ዋልልኝ እዚህም መጥተው ይፈልጉናል! በሕይወት ሳሉ ከሐሙሲት ገበያ አላለፉ፤ ከሞቱ በኋላ አውሮፕላን ተሳፈሩ!»

«ዝም በይ፤ ቀትር ነው።»

«ቀትርስ ቢሆን? ሰው ሲጠራ ዝም ይባላል እንዴ? ምን ዓይነት ባለጌዎች ናቸው ይበለን?» ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። «አቤት!»

ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ በእጁ ነይ አላት። «ውጭ እጠብቅሻለሁ» አለች ፈንታነሽ፤ በቅጡ እንኳ ሳትሰናበታት። በሩ በራሱ ተከፍቶ በራሱ ተዘጋ። ቆይቶ ሰውዬው እንደገና «ዋሊሊን!» አለ፤ አሁን የቀረችው አንድ ናት፤ ዓለሚቱ ተነሳች። መኪና ውስጥ ሾፌሩ ፓስፖርቱን ገለጥ ሲያደርገው አጮልቃ አየች። ፎቶው ላይ ሳቋን አፍና የያዘች ፈንታነሽ ነበረች። ዓለሚቱ በአማርኛ «እኔ አይደለሁም» አለች። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ነበረች ማለት ነው። የተነሳችው ግን ፈንታነሽ ናት፤ የዓለሚቱን ፓስፖርት ይዛ፣ ዓለሚቱን ሲጠብቅ ወደነበረው ቤት ሄደች። ዓለሚቱ ደግሞ ወደዚህ መጣች። እዚህ ቤት ስሟ «ፋንታኒሽ» ነው። መጀመሪያ ቋንቋ አልነበራትም፤ ቋንቋ ሲኖራት ፍርሃት መጣ፤ በሰው ስም ገብታለች ብለው ቢያስሯትስ፤ አሻራ የሰጠችው በፈንታነሽ ስም፣ የተፈቀደላት በፈንታነሽ ስም። ሲጠሯት በፊት በፊት ዝም ትል ነበር፤ እመቤቲቱ ጆሮዋ የማይሰማ መስሏት ሐኪም ልታሳያት ነበር። ኋላ ለመደች። አሁን «ፋንታኒሽ» ከማለታቸው አሳቧን ቀድሞ አፏ አቤት ይላል፤ የቤቱ ሕፃናት እንኳ ሲጫወቱ እሷን ሲመስሉ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «አቤት! አቤት!» ይላሉ፤ አያታቸው ያጨበጭቡላቸዋል። የቤቱ ሰው ክፉ አይደለም። ይኸው ነው የሚያንገበግባት፤ ይህ ቤት የፈንታነሽ ዕጣ ነበር። ክፉ ቤት ቢሆን ኖሮ ዕዳው የእኩል ይሆን ነበር። ፈንታነሽ፤ ከእሷ በፊት የተወለደ ሌላ ወንድሟ ሞቶ በእሱ ፈንታ ተወልዳ ነው እንዲህ የተባለችው። ስም የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያወጣ ያውቃል?

ያኔ ስልክ አግኝታ ቤት የደወለች ለት አጎቷ ሙላቴም ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለው ነበር። «ደረስሽ?» «ደርሻለሁ።» «እልልል! ፈንታነሽስ ደርሳለች?» እሷም «ትደርሳለች» አለች። ምን ትበል? ትደርሳለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋፋት ላይ አንድ ቃል ይጠበቃል፤ ደርሳለች። አንድ ጊዜ አጎቷ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ልከው ከሚመለከተው ቢሮ አስጠየቁ፤ ፈንታነሽ ሙላቴ ዋልልኝ አለች፣ በአሠሪዋ ቤት ሥራ ላይ ናት፣ ፈቃዷም ታድሷል የሚል መልስ መጣላቸው። ለመድኃኔ ዓለም ስለታቸውን አገቡ። ዓለሚቱ ይህን የሰማች ለት የምታጥበው ብርጭቆ እጇ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ አጎቷ ስልኩን ሲቀበሉ የሚጠይቁት ሌላ ነው። «ካለች ለምን አትደውልም? በምን አስቀየምኳት፣ ዓለሚቱ? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ክፉ ቃል ተናግሬያት አውቃለሁ?» እሷ ደግሞ ታውቃለች፤ ከሐበሾቹ ጋር ለጸሎት በተሰበሰቡበት አንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ሲያወሩ፣ «ዓለሚቱ የምትባል የጎንደር ልጅ፣ ምስኪን፣ ከፎቅ ወድቃ ነው አሉ» ሲሉ ሰምታለች። የማን ልጅ ብላ ጠየቀች። አያውቁም። ዓመቱንም አያውቁም። እውነት መሆኑንም አያውቁም፤ ሰው ያወራውን ነው። የራሷን ስም ሰምታ፣ ሻማዋን ይዛ፣ ለማን እንደምታበራው ሳታውቅ ቆማለች። አሁንም ቆማለች።

እና ማስተዋል ትሂድ? ማስተዋል ጌጡ ይሻው። እዚያም ወለል አለ፤ እዚያም ወረቀት የያዘ ሰውዬ አለ፤ «ይሻው!» ይላል። መምህሩ ከጎኗ ናቸው ይሏታል፤ ፈንታነሽም ከጎኗ ነበረች፤ ክርን ለክርን ተነካክተው። እምቢ ብትልስ? እምቢ ብትል ልጂቱ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች፤ አይ፣ አትረሳውም፤ እናቴ ራሷ ቀረች፣ እኔንም አስቀረችኝ ትላለች፤ እውነቷንም ነው። እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው፤ ከአንሶላው ሥር ሆና በሹክሹክታ ብትለውም ደብረ ታቦር ይደርሳል። ስልኩን አወጣች። ሰዓቱ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ከኩዌት የወደደችው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ልጇ ላይ የምትወጣው ፀሐይ እሷም ላይ በዚያው ሰዓት መውጣቷ። ብርድ ልብሱን ተከናንባ ደወለች።

«እማ!» ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ አለ፤ ቅዳሜ ነው፤ የሚሄዱት ልጆች ትምህርት ቤት ተሰብስበዋል። «በዚህ ሰዓት? አልተኛሽም እንዴ?»

«ቤቱ ተኝቷል።»

«እሺ ልትዪ ነው ወይስ ልትቆጪ? እሺ ልትዪ ከሆነ ድምፁን ከፍቼ ሁሉም ይስሙት። ልትቆጪ ከሆነ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ልሂድ።»

«ወደ ጀርባው ሂጂ።»

«ወይኔ! አለቀልኝ።» የሩጫዋ ትንፋሽ፤ ከዚያ ጸጥታ። «እሺ፤ ቀጥዪ፤ አላለቅስም።»

ዓለሚቱ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ አደረገችው። ድምፅዋን አወፈረች። «ይሻው!»

«እ?»

«ይሻው! ይሻው!»

«እማ፣ ደህና ነሽ? ማንን ነው የምትጠሪው? አባባ ይሻውን ነው? አፈር ከለበሱ ስንት ዘመናቸው!»

አልደረሰችም፤ አለች በልቧ፤ ልክ እንደ ፈንታነሽ፤ በሙት መቀለድ። ከዚያ አፏ መናገር ጀመረ። እዚያ የሚጠሩሽ እንደዚህ ነው አለቻት፤ አንቺን ማስተዋል የሚልሽ የለም፤ በአያትሽ ስም ነው የሚጠሩሽ፤ እኛንም እንዲሁ ነው የጠሩን። እኛን ማን አለች ልጂቱ። እኔንና ፈንታነሽን። ለማንም ያላወራችውን አዳራሽ አወራቻት፤ ሻሹን፣ ወለሉን፣ ሰውዬውን፣ ዋሊሊን ዋሊሊን ማለቱን፣ ፈንታነሽ በአያታቸው መሳቋን። «ሰው ሲጠራ ዝም አይባልም ብላ አቤት አለች፤ ተነስታ ሄደች። በቃ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።» የፓስፖርቱን መለዋወጥ ግን አልነገረቻትም።

ከሩቅ ኳስ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል።

«እማ» አለች ማስተዋል ቀስ ብላ።

«አቤት።»

«ሁለታችሁም ዋልልኝ ከሆናችሁ፣ የተጠራችው የትኛዋ ነበረች?»

አንድም ሰው ይህን ጠይቋት አያውቅም። አጎቷ አልጠየቁም፤ እናቷ አልጠየቁም፤ የቢሮ ሰው አልጠየቀም፤ እሷና ፈንታነሽም ያን ቀን ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆም ብለው ሰውዬውን አልጠየቁትም። የትኛዋ? በጣት ቢያሳዩት ይገባው ነበር፤ ፎቶውን አዙሮ ያሳያቸው ነበር። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሽንት ቤት ጀርባ ቆማ ወዲያው ጠየቀችው።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ዓለሚቱ። እሱም መልስ ነበር። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ሂጂ።»

«ምን?»

«ሂጂ፣ የኔ ልጅ። ማርያም ትከተልሽ። ግን ስም ሲጠራ ቶሎ አትነሺ። አሁን እኔን እንደጠየቅሽኝ ጠይቂ። የትኛዋ? በያቸው። ፎቶሽን በዓይንሽ ካላየሽ ወዴትም እንዳትሄጂ።»

«መምህር ሲሳይ ባለጌ ናት ቢሉኝስ?»

«እናቴ ናት ያባለገችኝ በያቸው።»

ልጂቱ ጮኸች፤ «አለች! እሺ አለች!» እያለች ስትሮጥ፣ ስልኩን ሳትዘጋው፣ የሩጫዋ ድምፅ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ አንድ የወንድ ሳቅ፣ ሁሉም እየተደባለቀ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ፤ ዓለሚቱ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማችው። እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየፈሰሰ ትራሱን አረጠበው፤ የደስታ ይሁን የምን አልለየችውም። ስንት ዓመት ሆናት አንድ ነገር ቆርጣ ከተናገረች! ደስታዋን ከማን ጋር ትካፈለው፤ ለእናቷ መደወል አለባት፤ መምህሩ እማሆይንም ይጠይቃሉና ቃሉ አንድ ይሁን። ደወለች። እማሆይ ስልክ ጆሯቸው ላይ መለጠፍ አይወዱም፤ ድምፁን ከፍተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል።

«ማነው? ዓለሚቱ? በደህናሽ ነው? ሙላቴም እዚህ አለ፤ ከገበያ መልስ አረፍ ብሏል። እንደው ሰላም በዪው።»

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ ሙላቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አለ የሽማግሌው ድምፅ ከራቅ ያለ ቦታ።

መጠንቀቅ ነበረባት። ደስ ብሏት ነበር፤ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ አየር አጥሯት ነበር። «እማሆይ፣ ቆርጫለሁ» አለች፤ «እውነትዎን ነው። ደርሳለች።»

በዚያ በኩል ሁሉ ነገር ቆመ። አንድ በትር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማት፤ ከዚያ የሚቀርብ የእግር ኮቴ፤ ከዚያ ከስልኩ አጠገብ የሰው ትንፋሽ።

«ደርሳለች?» አሉ አጎቷ። ድምፃቸው ከገብሱ ማሳ ወዲያ የመጣ ይመስላል። «ፈንታነሽ?»

«አቤት» አለች ዓለሚቱ፤ አፏ አሳቧን ቀድሞ።